ሰማዩ ሳሎን ሲገባ፦ ስለ «ዘ ስካይ አት ናይት» እና ስለ ፓትሪክ ሙር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጠፈር ዘመን መባቻ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚሉን ሮኬቶቹና ጠፈርተኞቹ ናቸው። ወሬውን እቤቱ ላለ ሰው ያደረሱት ግን ራዲዮና ቴሌቪዥን ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የእንግሊዙ ቢቢሲ የከዋክብት ፕሮግራም ታሪኩ ለብቻው ነው፤ ስለ እሱ የሚነሱ ጥያቄዎችም ብዙ ናቸው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዘ ስካይ አት ናይት» ምንድን ነው? መቼስ ተጀመረ?

በወር አንድ ጊዜ የሚቀርብ የሥነ ፈለክ ፕሮግራም ነው፤ ስሙ «ሰማይ በሌሊት» እንደ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው ኤፕሪል 24 ቀን 1957 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። ሰዓቱ መሽቷል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል። ርዝመቱ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ አቅራቢው አንድ ሰው፦ ፓትሪክ ሙር። ጥቂት ፎቶዎች፣ ጥቂት ሥዕሎች፣ አንድ ካሜራን ትኩር ብሎ እያየ የሚያወራ ሰው፣ በቃ።

ሙርን የጠራው አዘጋጁ ፖል ጆንስተን ነው፤ ስለ ጨረቃ የጻፈውን መጽሐፍ አንብቦ ነበር። ፕሮግራሙ መጀመሪያ «የኮከብ ካርታ» ሊባል ታስቦ ኋላ ተለወጠ። የታሰበው ለጥቂት ወራት ሙከራ ነበር። ሙር ግን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ፣ ከወንበሩ አልተነሳም። በዓለም የቴሌቪዥን ታሪክ አንድን ፕሮግራም ይህን ያህል ጊዜ ሳይቀያየር ያቀረበ ሌላ ሰው የለም።

የተጀመረው ስፑትኒክ ስለመጠቀች አይደለም እንዴ?

አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት፣ የሶቪየቶች ስፑትኒክ፣ የመጠቀችው ግን ከአምስት ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ነው። የመጀመሪያው ምሽት ርዕስ ሮኬት ሳይሆን ጅራታም ኮከብ ነበር። አረንድ-ሮላንድ ይባላል፤ በኖቬምበር 1956 ቤልጅየም ውስጥ ዩክል ከሚገኘው የከዋክብት መመልከቻ ሁለት ሰዎች አግኝተውት በስማቸው ተጠራ። በኤፕሪል 1957 ያለ መሣሪያ በዓይን የሚታይ ሆኖ ነበር። ደግሞም አንድ ጉድ ነበረው። የጅራታም ኮከብ ጅራት ከፀሐይ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዘረጋው። ይኼኛው ግን በዚያው ሰሞን ወደ ፀሐይ የሚያመለክት ቀጭን ጦር የመሰለ ነገር አወጣ። ምክንያቱ የእይታ ነገር ነው፦ ኮከቡ በመንገዱ ላይ በትኖት የሄደውን አቧራ መሬት ከጠርዙ በኩል ስታየው ጠፍጣፋው አቧራ እንደ መስመር ሆኖ ይታያል፣ መስመሩም ወደ ፀሐይ የዞረ ይመስላል።

በኔ ግምት የፕሮግራሙን ጠባይ የወሰነው ይህ አጀማመር ነው። ተመልካቹ ወሬውን ሰምቶ በሩን ከፍቶ ወጥቶ ራሱ ማየት ይችል ነበር። ጠፈር የመንግሥታት ጉዳይ ሆኖ ዓለም ሁሉ ስለ ሮኬት ሲያወራም ሙር በየወሩ «በዚህ ወር ማታ ምን ይታያል?» የሚለውን አልተወም።

ፓትሪክ ሙር ሳይንቲስት ነበር?

በሙያ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ዲግሪዎቹ በክብር የተሰጡት ናቸው። በማርች 1923 ተወለደ፤ በልጅነቱ ልቡን ያመው ስለነበር አብዛኛውን የተማረው እቤቱ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ የብሪታንያ ሥነ ፈለክ ማኅበር አባል ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል አገልግሏል፤ ከዚያ አስተማሪ ነበር። ማታ ማታ ግን ግቢው ውስጥ በተከለው ቴሌስኮፕ ጨረቃን ይስል ነበር፤ የመሣሪያው መስታወት ስፋት 31 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚያን ዘመን ታላላቆቹ የከዋክብት ተመራማሪዎች ጨረቃን ረስተዋት ነበር። ግዙፎቹ ቴሌስኮፖች ወደ ሩቅ ጋላክሲዎች ነበር የሚያነጣጥሩት። የጨረቃን ካርታ በትዕግሥት የሚሠሩት እንደ ሙር ያሉ አማተሮች ነበሩ። ሮኬት ወደ ጨረቃ መሄድ ሲጀምር የነሱ ደብተር ድንገት ተፈላጊ ሆነ፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

አነጋገሩ ከመትረየስ የፈጠነ፣ በአንድ ዓይኑ ላይ ነጠላ መነጽር የሚያደርግ፣ ልብሱ ሁሌ የተጨማደደ፣ በ1908 በተሠራ የጽሕፈት መኪና ከሰባ በላይ መጻሕፍት የጻፈ፣ ዛይሎፎን የሚመታ ሰው ነበር። የፕሮግራሙን መግቢያ ሙዚቃ ግን እሱ አልደረሰውም፤ የፊንላንዱ ሲቤሊየስ ነው።

ስፑትኒክ ለሥርጭቱ ምን ለወጠች?

ከሁሉ በፊት ስፑትኒክ ራሷ አስተላላፊ ነበረች። 58 ሴንቲሜትር ስፋትና 83.6 ኪሎ ክብደት ያላት ኳስ፣ አራት አንቴና፣ ሁለት የሬዲዮ ማስተላለፊያ። በ20 እና በ40 ሜጋኸርዝ አካባቢ «ቢፕ ቢፕ» ትል ነበር። ሶቪየቶች እነዚህን ሞገዶች የመረጡት ማንም አማተር በቤቱ ራዲዮ እንዲሰማት ነው። ባትሪዋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። የምዕራቡ ዓለም ጣቢያዎችም ድምፁን ቀድተው ደጋግመው ለቀቁት።

ሰው ደጅ ወጥቶ «ስፑትኒክን አየሁ» ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስፑትኒክን አልነበረም፤ እሷ ለዓይን በጣም ትንሽ ናት። የታየው አብሯት ምህዋር ውስጥ የገባው የሮኬቱ ትልቅ አካል ነው።

በዚህ መካከል ከማንቸስተር አቅራቢያ አንድ ባለዕዳ ነበር። በርናርድ ሎቨል በጆድሬል ባንክ ያሠራው 76 ሜትር ስፋት ያለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ በዚያው ዓመት ነበር የተጠናቀቀው፤ ወጪው ከታቀደው እጅግ አልፎ ሰውየው ከባድ ወቀሳ ላይ ነበር። የስፑትኒክን ሮኬት በራዳር መከታተል የሚችል ሌላ መሣሪያ በምዕራቡ ዓለም ስላልነበረ ጋዜጠኛ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ትናንት «ገንዘብ አባካኝ» የተባለው ሰው በአንድ ሳምንት የአገር ኩራት ሆነ። በ1958 ቢቢሲ የዓመቱን ታላላቅ የራዲዮ ንግግሮች እንዲያቀርብ የጋበዘው ይህንኑ ሎቨልን ነው። ዕዳው ግን ተከፍሎ ያለቀው በ1960 ነው፤ ዝና ቶሎ ይመጣል፣ ገንዘብ ዘግይቶ።

የጨረቃ ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ፕሮግራም ላይ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ለእንግሊዝ ተመልካች አዎን፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ ማማሩም እዚህ ላይ ነው። ጨረቃ አንድ ፊቷን ብቻ ነው የምታሳየን። በዙሪያችን የምትዞርበት ጊዜና በራሷ ላይ የምትሽከረከርበት ጊዜ እኩል ነው። ይሁን እንጂ ትንሽ ትወዛወዛለች፤ በዚህ ውዝዋዜ ምክንያት ጠርዞቿ አንዳንዴ ብቅ፣ አንዳንዴ ጥልቅ ይላሉ። ሁሉን ሲደምሩት ከምድር ሆኖ ከመቶ ሃምሳ ዘጠኝ እጅ ያህሉን ማየት ይቻላል። የሙር ልዩ ሙያ ይህ ብቅ ጥልቅ የሚለው ጠርዝ ነበር። የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ጎኑን ብቻ የሚያሳይ ተራራ ለመሳል ወር ሙሉ ትክክለኛውን ሌሊት መጠበቅ፣ ያ ሌሊት ሲመጣ ደግሞ ደመና።

ኦክቶበር 4 ቀን 1959 ሶቪየቶች ሉና 3ን ላኩ። ከሦስት ቀን በኋላ መንኮራኩሯ ከጨረቃ ባሻገር ሆና 29 ፎቶ አነሳች። ያኔ ዲጂታል ካሜራ የለም። ፊልሙ እዚያው ጠፈር ላይ፣ መንኮራኩሯ ውስጥ ታጠበ፣ ደረቀ፤ ከዚያ በብርሃን ጨረር እየተነበበ በራዲዮ ወደ ምድር ተላከ። ልክ እንደ ፎቶ ቤት ያለ ነገር ሰው በሌለበት በጠፈር ውስጥ መሥራቱን አስቡት። ፊልሙ ራሱ አሜሪካኖች ሶቪየትን ለመሰለል ከለቀቋቸው ፊኛዎች ላይ የተማረከ ነበር፤ ጨረር የሚቋቋም ፊልም ሶቪየቶች አልነበራቸውም።

ምስሎቹ ይፋ የሆኑት በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ሙር በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሳለ ደረሱ፤ እሱም ሕዝቡ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ እያያቸው አብራራ። ሊዘጋጅበት የሚችልበት ጊዜ አልነበረም፤ ግን አንድ ምልክት ያዘ። ፎቶው ጥግ ላይ እሱ ለዓመታት የሳላቸው የጠርዝ ቦታዎች ነበሩ። ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሻገሪያው ይህ ነበር። ሶቪየቶቹም የእሱን የጠርዝ ካርታዎች ወስደው አዲሱን ከአሮጌው ለማገናኘት ተጠቅመውባቸዋል። ቀዝቃዛው ጦርነት በጦፈበት ወቅት የእንግሊዝ አማተር ሥዕል በሞስኮ ጠረጴዛ ላይ!

ምስሎቹ የደበዘዙ ነበሩ፤ ለዓይን አያምሩም። የሚያስደንቅ ነገር ግን አሳዩ፦ ከዚህኛው ፊት በተለየ በጀርባዋ ላይ ጥቁሮቹ ሜዳዎች፣ «ባሕሮች» የምንላቸው፣ የሉም ማለት ይቻላል። ከተገኙት ጥቂቶች አንዱ የሞስኮ ባሕር ተባለ። የሶቪየት ተራሮች ተብሎ የተሰየመ ሰንሰለትም ነበር፤ በኋላ ጥርት ያሉ ፎቶዎች ሲመጡ ግን ተራራ ሳይሆን ብሩህ የአቧራ ጨረር ሆኖ ተገኘና ስሙ ከካርታ ወጣ።

ሥርጭቱ ቀጥታ ስለነበር የተበላሸ ነገር አለ?

ሞልቷል። ሰማይ ለቴሌቪዥን ሰዓት አይገዛም፣ የእንግሊዝ ሰማይ ደግሞ በተለይ። አንድ ጊዜ በብራይተን አጠገብ ከሚገኝ አማተር ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራ ተገጥሞ ሰማዩን በቀጥታ ሊያሳዩ ተዘጋጁ። ሥርጭቱ ሲጀመር ደመናው መጣ። ሙር ጊዜውን በወሬ ሞላው።

ሌላ ጊዜ እያወራ ዝንብ አፉ ውስጥ ገባች። ካሜራው በርቷል፤ ምን ያድርግ? ዋጣትና ቀጠለ። እናቱ በኋላ ለእሱ ክፉ ነገር መሆኑን አምነው፣ ለዝንቧ ግን የባሰ እንደነበር አስታወሱት ይባላል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የፌብሩዋሪ 15 ቀን 1961 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ጥላው አውሮፓን ስለሚያቋርጥ ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያንና ከዩጎዝላቪያ በተከታታይ በቀጥታ እንዲተላለፍ ታቀደ። በዚያ ዘመን ቴክኒክ ትልቅ ድፍረት ነው። የሙር ድርሻ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ያስትሬባች ተራራ ላይ ነበር፤ ብርድ፣ በረዶ፣ ደመና። እሱ በኋላ እንዳወራው የአገሬው ዳይሬክተር ሐሳቡ ሁሉ ከብቶቹ ላይ ነበር፤ ድንገት ሲጨልም ይተኛሉ የሚል ወሬ ስላለ ማሳየት ፈለገ። ሲጨልም ደግሞ ከብቶቹ እንዲታዩ ብሎ ትልልቅ መብራት አበራባቸው።

ራሱ ሙር ከሥርጭቱ የቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2004 የዝይ እንቁላል በልቶ ተመርዞ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ክሪስ ሊንቶት ተካው።

የሉና 9 ፎቶዎችን እንግሊዞች «ሰረቁ» የሚባለውስ?

ሰረቁ ማለት ከባድ ቃል ነው፤ ሰምተው አተሙ ማለት ይሻላል። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1966 ሉና 9 ጨረቃ ላይ ሳትከሰከስ ያረፈች የመጀመሪያዋ መንኮራኩር ሆነች። ጆድሬል ባንክ ምልክቷን ሲያዳምጥ የድምፁ ዓይነት እንግዳ አልሆነባቸውም፤ ጋዜጦች ፎቶ በስልክ ሽቦ የሚላላኩበት ማሽን ድምፅ ይመስላል። ከዴይሊ ኤክስፕረስ የማንቸስተር ቢሮ ያንን ማሽን አስመጥተው ሲገጥሙት የጨረቃ ድንጋይ ወጣ! ጋዜጣው ሞስኮ ራሷ ሳታወጣው አተመው። ቸኩለዋልና የቁመትና የወርድ ምጣኔው ተዛብቶ ድንጋዮቹ ከእውነታው ይበልጥ ሹል መሰሉ። ሶቪየቶችም ተቆጡ።

ጨረቃ የሚወርድን ሁሉ በሚያሰጥም ጥልቅ አቧራ ተሸፍናለች የሚለው ሥጋት የከሰመውም በዚህች መንኮራኩር ነው። ቆማ ታየች፤ አልሰመጠችም።

ሌሎች አገሮችስ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ነበራቸው?

አሜሪካ ውስጥ ከማርች 1955 ጀምሮ ዋልት ዲስኒ በኤቢሲ ቴሌቪዥን ስለ ጠፈር ጉዞ ሦስት ትርኢት አቅርቧል፤ ከሚያብራሩት አንዱ ቨርነር ፎን ብራውን ነበር፣ በጦርነቱ ለናዚዎች ሮኬት የሠራው መሐንዲስ። በሥዕል ፊልም የታጀበ፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ነው፤ ከሙር ሩብ ሰዓት ጋር አይወዳደርም። ግን ወደፊት ስለሚሆነው ነበር የሚያወራው፣ ዛሬ ማታ ስለሚታየው አልነበረም።

በሶቪየት ኅብረት ነገሩ ሌላ ነው። የተሳካው ብቻ ነው የሚነገረው፤ እሱም ከሆነ በኋላ። ሮኬቶቹን የነደፈው ሰርጌ ኮሮልዮቭ ስሙ ለሕዝብ የተገለጠው በጃንዋሪ 1966 ሲሞት ነው። ቢሆንም በቴክኒክ ወደኋላ አልነበሩም፦ በኦገስት 1960 ቤልካና ስትሬልካ የተባሉት ውሾች ምህዋር ውስጥ ሳሉ በቴሌቪዥን ካሜራ ይታዩ ነበር። የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ጋጋሪን ኤፕሪል 12 ቀን 1961 በርሮ በሁለተኛው ቀን ሞስኮ ሲገባ አቀባበሉ በቀጥታ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተላልፏል፤ ለንደን ያለ ሰው ሞስኮን በቀጥታ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው።

ራዲዮን አንርሳ። እንግሊዝ ውስጥ ከሙር በፊት መንገዱን የጠረገው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሬድ ሆይል ነው፤ በ1950 ስለ ዩኒቨርስ ያቀረባቸው የቢቢሲ ራዲዮ ንግግሮች እጅግ ተደምጠዋል። ዩኒቨርስ በታላቅ ፍንዳታ ጀመረ ለሚለው ንድፈ ሐሳብ «ቢግ ባንግ» የሚለውን ስም በ1949 በዚሁ ራዲዮ ያወጣውም እሱ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡን ግን እስከ መጨረሻው አልተቀበለም።

በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ጋር የሚያገናኛት ነገር ነበር?

በቴሌቪዥን በኩል ዘግይቶ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ኖቬምበር 2 ቀን 1964 (ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.) ስለሆነ ስፑትኒክም ጋጋሪንም እኛ ዘንድ የራዲዮና የጋዜጣ ወሬ ነበሩ።

በማዳመጡ በኩል ግን አገሩ ካሰብነው በላይ ነበረበት። ያኔ በኢትዮጵያ ግዛት በነበረችው አሥመራ፣ በአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ውስጥ፣ «ስቶንሃውስ» የሚል ስም የተሰጠው ተቋም ነበር። 26 ሜትርና 46 ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ሁለት ሳህን አንቴናዎች ነበሩት። ሥራው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የሚልኳቸው መንኮራኩሮች የሚያወሩትን መጥለፍ ነው። ለምን አሥመራ? የሶቪየቶቹ የጠፈር መገናኛ ጣቢያ ክሪሚያ ውስጥ ነበር፤ አሥመራ ከእሱ ጋር በቀረበ ኬንትሮስ ላይ ስለሆነች መንኮራኩሩ ለክሪሚያ በሚታይበት ሰዓት ለአሥመራም ይታያል። ከ1965 እስከ 1975 ሠርቷል። ጆድሬል ባንክ በይፋ ሲያዳምጥ ይህኛው በምሥጢር ያዳምጥ ነበር።

ደብረ ዘይት ላይም የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን የምርምር ተቋም ሳተላይቶችን ፎቶ እያነሳ መንገዳቸውን የሚለካበት ትልቅ ካሜራ በ1960ዎቹ ተተክሎ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም ያለው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ደግሞ የተመሠረተው በ1957 እና በ1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ነው፤ ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዊን ናቸው ያቋቋሙት። ሁለቱ ኃያላን ሳተላይት እናመጥቃለን ብለው ቃል የገቡት ለዚያው ዓመት ስለነበር ስፑትኒክና የአዲስ አበባው መመልከቻ የአንድ ዘመቻ ልጆች ናቸው።

በአፖሎ 11 ጊዜ ሙር የት ነበር?

ቢቢሲ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከአቅራቢዎቹ ከክሊፍ ሚሼልሞርና ከጄምስ በርክ ጋር። ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ተላለፈ፤ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠፈርተኛው አርምስትሮንግ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ጨረቃ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ በኢትዮጵያ ሰዓት ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ከሌሊቱ 11፡56 ነበር።

ምስሉ ለምን እንደ መንፈስ የደበዘዘ ሆነ ለሚሉ፦ ከጨረቃ የመጣው ምስል በሰከንድ አሥር ብቻ ነበር፤ ለተለመደው ቴሌቪዥን አይሆንም። ስለዚህ መቀበያ ጣቢያው ውስጥ ስክሪን ላይ አሳይተው ሌላ ካሜራ አነጣጠሩበት። ዓለም ያየው የምስልን ምስል ነው።

ከዚያ በፊት በአፖሎ 8፣ በዲሴምበር 1968፣ የደረሰበትን ሙር ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ጠፈርተኞቹ ከጨረቃ ጀርባ ወጥተው ድምፃቸው እስኪሰማ ዓለም ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ፣ እሱም የታሪክ ቅጽበት መሆኑን ሲናገር፣ ቢቢሲ ሥርጭቱን አቋርጦ የልጆች ተረት ፕሮግራም አስገባ።

የድሮዎቹን ሥርጭቶች የት ማየት ይቻላል?

አብዛኞቹን የትም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርጭቶች ቀጥታ ነበሩ፤ ካልተቀዱ በአየር ላይ ቀሩ፤ ከተቀዱትም ቴፕ ውድ ስለነበር ብዙው ተደምስሶ ሌላ ተቀድቶበታል። ቢቢሲ የአፖሎ 11ን ሌሊት የስቱዲዮ ሥርጭት ራሱ አላስቀመጠም። ናሳም ቢሆን ከሥርጭቱ የጠራውን፣ በቀጥታ ከጨረቃ የተቀዳውን መረጃ የያዙትን ቴፖች ደምስሶ በሌላ ሥራ ላይ አውሏቸዋል፤ ለዓመታት ተፈልገው በ2009 ተስፋ ተቆረጠ። ሰው ጨረቃ ላይ ለማውጣት ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ በቴፕ መቆጠብ ያናድዳል።

ጨረቃ ላይ ሆኖ ኮከብ ይታያል? አርምስትሮንግ ለሙር ምን መለሰለት?

በ1970 አርምስትሮንግ ከሙር ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋግሯል፤ ይህ ቃለ መጠይቅ ተርፏል። ሙር የጠየቀው እኛም የምንጠይቀውን ነው። መልሱ ባጭሩ፦ ሰማዩ ድፍን ጥቁር ነው፤ ከፀሐይና ከመሬት በቀር ሌላ ነገር በዓይኑ አልታየውም። ምክንያቱ የከዋክብት አለመኖር አይደለም። እነሱ የወረዱት በጨረቃ ቀን ነው፤ መሬቱ በፀሐይ ያበራል፣ ዓይንም ካሜራም ለዚያ ብርሃን ይጠባል። «ፎቶው ላይ ኮከብ ስለሌለ ጨረቃ አልሄዱም» ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ አያስፈልግም።

ሙር ተሳስቶ ያውቃል?

አዎን፣ ደግሞ ዋናው ጉዳዩ ላይ። የጨረቃ ጉድጓዶች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። የአፖሎ ድንጋዮች ሲመረመሩ ከጠፈር የመጡ አለቶች ግጭት ውጤት መሆናቸው ጸና። ደግሞ «1976 ላይ የሰዎች ክብደት ለአፍታ ይቀንሳል ብሎ ነበር» የምትሉ ካላችሁ፣ ያ ስህተት አይደለም፤ በራዲዮ የተነገረ የኤፕሪል 1 ቀልድ ነው። ያም ሆኖ «ተንሳፈፍን» ብለው የደወሉ ነበሩ።

በፖለቲካ አመለካከቱ ይወቀሳል የሚባለው ትክክል ነው?

ትክክል ነው። ስደተኞችንና የአውሮፓን ኅብረት በተመለከተ የሚናገረው ብዙ ሰው አስከፍቷል፤ በ2007ም ቢቢሲን ሴቶች አበላሹት ብሎ ጉድ አሰኝቷል። ሥራውን ስለወደድን ይህን መሸፈን አይገባንም።

ፕሮግራሙ አሁንም አለ?

አለ። ሙር በዲሴምበር 9 ቀን 2012 በሰልሲ ከተማ እቤቱ አረፈ፤ ያኔ የተላለፉት ከሰባት መቶ አልፈው ነበር። ከ2014 ጀምሮ ከአቅራቢዎቹ አንዷ ወላጆቿ ናይጄሪያውያን የሆኑት የጠፈር ሳይንቲስቷ ማጊ አደሪን-ፖኮክ ናት፤ ሊንቶትም አብሯት አለ። በዚህ ወር ማታ ምን እንደሚታይ መናገሩም አልቀረም።